ሚዛን የያዘ እጅ

ከክፍለ ሀገር እህል ወይም ቅቤ ጭኖ መርካቶ የሚገባ ሰው ገና ከመኪና ሳይወርድ ደላላ ይከበዋል። ገበያውን ዞሮ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ዕቃው በርካሽ ከእጁ ይወጣል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲራራ ነጋዴዎችን ገበያ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ጠብቆ መግዛትን የከለከሉት ይህን ለመሰለው በደል በር ለመዝጋት እንደሆነ ዑለማዎች አብራርተዋል።

ውድ አንባቢ፣ ዛሬ ገበያው ስልካችን ውስጥ ገብቷል፤ መንገድ ላይ የሚጠብቀውም አብሮ ገብቷል። አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጉግል የኢንተርኔት ፍለጋን ገበያ ከሕግ ውጭ በሞኖፖል ይዟል ብሎ ፈርዷል። ኩባንያው እንደ አፕልና ሳምሰንግ ላሉ ስልክ አምራቾች በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር እየከፈለ፣ ሰው ስልኩን ሲከፍት መጀመሪያ እርሱን እንዲያገኝ አድርጓልና። ሌላውን መፈለግ አልተከለከለም፤ ግን ስንቱ ይፈልጋል?

ታዲያ ትልቅ መሆን ሐራም ነውን? አይደለም። ከሰሓቦች መካከል ዑስማንና ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ ታላላቅ ባለጸጎች ነበሩ። በደሉ የሚጀምረው የበሩ ባለቤት ራሱ ነጋዴ ሆኖ ሌላውን ነጋዴ ከበሩ ሲያስቀር ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። የመንግሥቱ ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በ2013 ሲጀምር የውጭ ኩባንያ በሞባይል ገንዘብ ሥራ እንዲገባ ሕጉ አይፈቅድም ነበር። በዚያው ዓመት የቴሌኮም ፈቃድ ያገኘው ሳፋሪኮም ኤምፔሳን የጀመረው ሕጉ ከተለወጠ በኋላ፣ በ2015 ነው። የአገር ገንዘብ በአገር እጅ ይሁን የሚለው ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ነገር ግን ሕግ የሚያወጣውም፣ በዚያው ሕግ የሚነግደውም መንግሥት ሲሆን ተፎካካሪው ለማን አቤት ይበል? ገዥ ነጋዴ ሲሆን ለሕዝቡ ጉዳት እንደሆነ ኢብኑ ኸልዱን የጻፈው ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ነው።

ብሔራዊ ባንክም ሆነ በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የያዙት ሥራ የጥንቱ ሙሕተሲብ፣ የገበያ ተቆጣጣሪው ሥራ ነው። ሙሕተሲብ የእንግዳውን ሚዛን ሲፈትሽ አይፈተንም፤ የሚፈተነው የአባቱን ሚዛን ሲፈትሽ ነው።

እኛስ? ዘይትና ስኳር በመጋዘን ደብቆ ዋጋ እስኪንር የሚጠብቅ ነጋዴ ስለ ጉግል ቢያማርር ማን ይሰማዋል? ገበያ፣ በመርካቶም ይሁን በስልክ፣ የሚጸናው ሚዛን የያዘው እጅ ለራሱ ያላዳላ እንደሆነ ነው። ወላሁ አዕለም።