ባለ ሦስት ሳንቃው ወፍጮ ቤት

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር አንድ ወፍጮ ቤት ነበር እንበል። ባለቤቱ ታታሪ፣ ግን ነገር ቶሎ የሚመረው ሰው ነው። በገበያ ቀን ገና ጎህ ሲቀድ በቆሎው፣ ዳጉሳው፣ ጤፉ በአህያ ተጭኖ ደጁን ይሞላዋል። ለበርበሬ የተለየ ወፍጮ አለው፤ በርበሬ ባለፈበት ወፍጮ የልጅ ገንፎ ያስፈጨች እናት ለምን እንደሆነ አትጠይቅም።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ሰው በአንዲት በር ይገባል። በስተቀኝ ሚዛን ያዡ ልጅ ጆንያውን ይመዝናል፤ ቀጥሎ ጠረጴዛው ላይ ሒሳብ ይከፈላል፤ ከዚያ እህሉ ወደ ወፍጮው አፍ ይወሰዳል። በመካከሉ ሰው እንዳሻው ወጣ ገባ ይላል። አህያው ገመድ በጥሶ እንደሆን ሊያይ ይወጣል። ዱላውን የረሳ ይመለሳል። ዋጋው መግቢያው ላይ በጠመኔ ተጽፏልና የተጠራጠረ ሄዶ ያነበዋል፤ ማንበብ የማይችል ደግሞ የሚያነብለት ፍለጋ ይወጣል።

አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ሒሳባቸውን ከፍለው ሲያበቁ ዱላቸውን ሚዛኑ አጠገብ መርሳታቸው ትዝ አላቸው። ጆንያቸውን እንደተሸከሙ ተመለሱ። ወፍጮ ቤት ውስጥ የሁሉም ፊት ነጭ ነው፤ ልጁ አላወቃቸውም። ጆንያውን ተቀብሎ መዘነ፣ ኪሎውን ጠራ። እሳቸውም ደንቡ ይሆናል ብለው ዳግመኛ ከፈሉ። ማታ ቤታቸው ገንዘባቸውን ቢቆጥሩ ጎደለ። በማግስቱ ልጆቻቸውን አስከትለው መጡ፤ ነገሩ እስከ እርቅ ሄደ። ባለወፍጮው ገንዘቡን መለሰ፤ ስሙ ግን ሳምንት ሙሉ በየጠላ ቤቱ ሲፈጭ ሰነበተ።

“ይህ ሁሉ የመጣው ሰው ወደኋላ በመመለሱ ነው” አለ። አናጢ ጠራ። ሦስት ሳንቃ አሠራ፤ አንዱን መግቢያው ላይ፣ ሁለተኛውን በሚዛኑና በጠረጴዛው መካከል፣ ሦስተኛውን በጠረጴዛውና በወፍጮው መካከል። ሁሉም ወደፊት ብቻ የሚከፈቱ ናቸው፤ ሰው ካለፈ በኋላ መወርወሪያው ይወድቅና አበቃ። መውጫው በጓሮ ሆነ፣ በቦዩ በኩል፣ ጭቃውን ዞሮ። አናጢውም ሥራውን ሲጨርስ የወጣው በዚያው ነው። መጋዙን ሚዛኑ ዘንድ ረስቶ ኖሮ ልመለስ ቢል አልሆነለትም።

እስከሚቀጥለው ገበያ ድረስ ባለወፍጮው ደስ ብሎት ከረመ።

በገበያው ቀን መጀመሪያ የገባችው አንዲት ትንሽ ልጅ ናት። “መብራት አለ ወይ ብለሽ ጠይቂ” ብላ እናቷ ልካት ነው። አለ ተባለች። ልትመለስ ብትል በሩ ተዘግቷል። ሚዛኑን፣ ጠረጴዛውን፣ ወፍጮውን ባዶ እጇን አልፋ በጓሮ ወጣች፤ እናቷ ደጅ ላይ ቆማ ልጄን ምን ዋጠብኝ ስትል ቆየች። ቀጥላ የገባችው ሴት ሚዛኑ ላይ ስትደርስ የያዘችው የጎረቤቷ ጆንያ መሆኑን አየች። የራሷ ደጅ ነው ያለው፤ ከአሥር እርምጃ አይበልጥም። “እባክህ ልቀይረው” አለች። ልጁ መወርወሪያውን እያየ ዝም አለ። ወይ የሰው ዳጉሳ ከፍላ ታስፈጫለች፣ ወይ ጆንያውን አዝላ ጭቃውን ትዞራለች። ዞረች። ስትደርስ ሰልፉ መንገዱን ይዞ ነበር። ከቀትር በኋላ ጎረምሶች በሳንቃው ላይ መዝለል ጀመሩ፤ የአንዱ ሱሪ ምስማር ላይ ቀረ። ደጅ ቆመው ይህን ሲታዘቡ ከነበሩት ሁለት ሦስቱ አህዮቻቸውን ወደ ሌላ ወፍጮ ቤት ነዱ።

እንዲህም ሆኖ ባለወፍጮው አልተጨነቀም። ሁለት ጊዜ የሚከፍል የለማ!

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። መብራቱ ከጢስ ዓባይ ይምጣ ከጣና በለስ እሱ ግድ የለውም፤ የሚያውቀው መጥፋቱን ነው። ልክ በዚያች ቅጽበት አንድ ገበሬ ብሩን ቆጥሮ ዘርግቶለት፣ እሱም ተቀብሎት ነበር። ጨለማ ሆነ፤ ሞተሩ እያቃሰተ ቆመ፤ ቤቱ በግርግር ተሞላ። ሰው ሁሉ በጓሮ ወጣ፤ ገበሬውም ያልተፈጨ እህሉን ይዞ ወጣ። ከአንድ ሰዓት በኋላ መብራቱ ሲመጣ ዞሮ፣ ሰልፉን ጠብቆ፣ በፊተኛው በር እንደ አዲስ ሰው ገባ። ልጁ መዘነ። ባለወፍጮው “ሒሳብ” አለ።

“ከፍዬ የለም እንዴ?” አለ ገበሬው፣ እርግጠኛ ባልሆነ ድምፅ።

“ከፍለህ ቢሆን እዚህ ምን ታደርጋለህ? የከፈለ ሰው ወደዚህ አይመለስም። ሳንቃውን አታየውም?”

ገበሬው ሳንቃውን አየ። ከፈለ።

ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ጠላ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት አሉ፤ ነገሩን ሁሉ ከመደባቸው ሆነው ያያሉ። ማታ ባለወፍጮው ጉሮሮውን ሊያርስ ጎራ ሲል፣ “ልጄ፣ በሩ ምን አጠፋ?” አሉት።

“ሰው እየተመለሰብኝ እኮ ነው እማማ።”

“ይመለስ። እኚያ ሽማግሌ የመጡት ዱላቸውን ብለው ነው፤ ምን አጠፉ? ጥፋቱ የተከፈለበት ጆንያና ያልተከፈለበት ጆንያ መልካቸው አንድ መሆኑ ነው። ከሰል አጥተህ ነው?”

በመጀመሪያው ጣሳ አልገባውም። በሁለተኛው ገባው።

በማግስቱ ሁለቱን ሳንቃዎች ነቀለ። ልጁ ጆንያ ሲመዝን በከሰል ቁጥር ይጽፍበት ጀመር፤ ያው ቁጥር ደብተሩ ላይ ይሰፍራል፤ ሲከፈል ከቁጥሩ ጎን ምልክት ይደረጋል። ከዚያ ወዲያ ሰውየው ሦስት ጊዜ ቢመላለስ፣ በፊት ቢመጣ በጓሮ ቢመጣ፣ መብራት ቢጠፋ ባይጠፋ፣ ልጁ ጆንያውን አገላብጦ ቁጥሩን ያይና “ተከፍሎበታል፣ ወደ ወፍጮው” ይላል። የወፍጮው አፍ ላይ ያለችው ሳንቃ ግን ቀረች፤ ዱቄት ተመልሶ ዳጉሳ አይሆንምና። እዚያ ልጁ ጆንያውን ከማዘንበሉ በፊት ባለቤቱን ቀና ብሎ እያየ “ላፍስሰው?” ይላል። ይፍሰስ ከተባለ በኋላ ከዚያ የሚመለስ ሰው ወደ ሚዛኑ አይደርስም፤ በጎን በተከፈተች በር በቀጥታ ወደ ደጁ፣ ወደ አህያው ይወጣል።

የስልክ መተግበሪያ የሚሠሩ ሰዎች የባለወፍጮውን ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቃሉ፦ ተጠቃሚው ወደ ቀደመው ገጽ እንዳይመለስ ምን ላድርግ? አብዛኛውን ጊዜ ፍርሃቱም ያው ነው። የከፈለ ሰው ተመልሶ “ክፈል” የሚለውን ዳግመኛ ቢነካስ? መልሱም ብዙ ጊዜ የአናጢ መልስ ይሆናል፤ መመለሻውን መቸንከር።

አንድሮይድ ስልክ ውስጥ ገጾች መሶብ ላይ እንዳለ እንጀራ ይነባበራሉ። የመጨረሻው ከላይ ነው፤ መመለሻውን ስንነካ የላይኛው ይነሳና ከሥሩ ያለው ይታያል። ይህ መመለስ እንጂ መሻር አይደለም። ገንዘቡ ሄዷል፤ የምናየው አሮጌ ገጽ ግን ገና እንዳልሄደ ያስመስላል። እንግዲህ ከክፍያ በኋላ ሊሠራ የሚገባው መመለሻውን ማደንዘዝ ሳይሆን ጊዜያቸው ያለፈባቸውን ገጾች ከሥር መዝዞ ማውጣት ነው፤ ሰውየው ሲመለስ ራሱን ሚዛኑ ላይ ሳይሆን ደጁ ላይ እንዲያገኘው። መመለስ የግድ በሄዱበት መንገድ አይደለም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ከአዲስ አበባ የወጡት በምሥራቅ፣ በጅቡቲው ባቡር ነው፤ በ1933 የተመለሱት ግን ከሱዳን ተነሥተው በዚሁ በጎጃም በኩል ነው። ቀድሞ ወጀት ይባል የነበረው ከተማ ፍኖተ ሰላም የሚለውን ስም ያገኘው ከዚያ መመለስ ጋር ተያይዞ ነው ይባላል።

መዘጋት ያለባቸው በሮች የሉም አልልም። የይለፍ ቃሉን አስገብቶ የገባ ሰው መመለሻውን ነክቶ እንደገና የይለፍ ቃል መጠየቂያው ፊት መቆም የለበትም። ከሒሳቡ የወጣ ሰው ደግሞ ከኋላው ስልኩን የሚይዘው ሌላ ሰው አንዴ ወደኋላ ብሎ ቀሪ ሒሳቡን ሊያይበት አይገባም፤ አንድ ስልክ ለባል፣ ለሚስትና ለልጅ በሚያገለግልበት ቤት ይህ ቀልድ አይደለም። ግማሹ የተሞላ ቅጽ ሲሆን መዝጋት ሳይሆን መጠየቅ ይበቃል፤ “የጻፍከው ይጠፋል፣ ትወጣለህ?” የቀረው ሁሉ፣ ዋጋ ማየቱ፣ ስም ማረሙ፣ ዝም ብሎ ገብቶ መውጣቱ፣ ክፍት ይሁን።

ስልክ ሠሪዎቹም ወደዚሁ እያዘነበሉ ይመስለኛል። አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ጣትን ከግራ ጠርዝ ሳብ በማድረግ ያስመልሳል፤ እጅ የለመደውን ነገር መከልከል ደግሞ ከባድ ነው። አንድሮይድ 13 እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ ጣት ከመስታወቱ ሳይነሳ መመለሻው ወዴት እንደሚያደርስ አስቀድሞ የማሳየት ሥራ ተጀመረ። ለዚህ ሲባል መተግበሪያው በሩ ክፍት ይሁን ዝግ አስቀድሞ መናገር አለበት፤ ሰው ከገፋ በኋላ አይሆንም ማለት አይሠራም። ፍላተር በሚባለው የመተግበሪያ መሥሪያ የሚሠሩ ሰዎች ዊል ፖፕ ስኮፕ የሚሉትን አሮጌ መወርወሪያ ትተው ፖፕ ስኮፕ ወደሚባለው የተሻገሩት በዚሁ ምክንያት ነው። የቀድሞው መወርወሪያ ሰው በሩን ሲገፋ ነበር “ይለፍ?” ብሎ የሚጠይቀው፤ አዲሱ ቀድሞውኑ መልሱን ይዞ ይጠብቃል።

ከሁሉ በላይ ግን ከሰሉ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ ከባንኮቹ መተግበሪያዎች ጋር ተደምሮ፣ ብር በስልክ የማይላክበት ገበያ ማግኘት እየከበደ ነው። ኔትወርኩ ግን ያው ኔትወርክ ነው። ሰው “ክፈል” ይነካል፤ ክቡ ይዞራል፣ ይዞራል፤ የማረጋገጫው መልእክት አይመጣም። በ*127# የሚከፍለውማ ጭራሽ የሚቸነከርለት መመለሻ የለውም፤ መስመሩ ሲቆረጥበት ከመጀመሪያው ይደውላል። ይህ ሰው ወደኋላ አልተመለሰም። እንደዚያ ገበሬ ጭቃውን ዞሮ በፊተኛው በር ነው የመጣው። እሱን የሚያድነው ጆንያው ላይ ያለው ቁጥር ብቻ ነው፤ ክፍያው ከመላኩ በፊት ስልኩ ውስጥ ተፈጥሮ፣ ሲሞከር ሲደገም የማይለወጥ፣ ወዲያ ማዶ ያለው ኮምፒውተርም ደብተሩን ገልጦ “ይህን አውቀዋለሁ፣ ተከፍሎበታል” የሚልበት ቁጥር። ይህ ካለ መመለሻውን መቸንከር ትርፍ ሥራ ነው፤ ከሌለ ደግሞ መቸንከሩ አያድንም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ፣ መመለሻው ድርቅ ብሎ በተዘጋበት መተግበሪያ፣ ያንኑ ክፍያ ሁለት ጊዜ ከፍያለሁ። ስደውል ያነጋገረችኝ ልጅ በትሕትና “ጋሼ፣ ሲስተሙ ሁለት ጊዜ መክፈል አይፈቅድም” አለችኝ። ሳንቃውን አሳየችኝ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ወጣቶች የሠሩትን አምጥተው “እስቲ እየው” ሲሉኝ ቀለሙን አላይም። የአንድ ብር ክፍያ እጀምርና ልክ “ክፈል” ስነካ ዳታውን አጠፋለሁ፤ መተግበሪያውንም እዘጋዋለሁ። ቡናዬን ጠጥቼ ዳታውን አበራና በፊተኛው በር እንደ አዲስ ሰው እገባለሁ። ያን ጊዜ ከአጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ፊት ሲለዋወጥ ካየሁ፣ ከሰሉን ረስቷል።