ማለፍና መውደቅ

በኢትዮጵያ የትምህርት ቤት ቋንቋ ውስጥ «አለፈ» እና «ወደቀ» የሚሉትን ቃላት ያህል ብርቱ ፍርድ የተሸከሙ ጥቂት ናቸው። ተፈትኖ የሚፈለገውን ነጥብ ያገኘ ወጣት አለፈ ይባላል፤ ያላገኘው ወደቀ። ያለፈው ወዴት እንዳለፈ የሚጠይቅ የለም፤ ዩኒቨርሲቲ መሆኑ የታወቀ ነው። የወደቀው ግን ምን ላይ እንደወደቀ ቢጠየቅ መልሱ ያስገርማል። እንጨት የሚላግበት፣ ብረት የሚበየድበት፣ ሞተር የሚፈታበት፣ ልብስ የሚሰፋበት ስፍራ ከላይ የተንሸራተተ ሁሉ የሚያርፍበት መሬት ተደርጎ ተቆጥሯል። እንዲህ ባለ ቋንቋ መካከል ያደገ ወጣት፣ የማለፍ ችሎታው እያለው፣ «ዩኒቨርሲቲ አልገባም፤ የእጅ ሙያ እማራለሁ» ብሎ በነፃ ፈቃዱ ሲወስን ወላጅ ይደነግጣል፤ መምህር ይቆጫል፤ ጎረቤትም «ምን ነካው?» ይላል።

ለመሆኑ ይህ ወጣት ትክክል ነውን? ጥያቄው የገቢ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሒሳብ አዋቂ በአንድ ቀን በመለሰው ነበር። ነገር ግን በውሳኔው ውስጥ ዕዳ አለ። የወላጅ ላብ አለ፤ ያስተማረው ኅብረተሰብ ተስፋ አለ፤ ወጣቱ ለገዛ ተሰጥኦው ያለበት ኃላፊነትም አለ። ስለሆነም ጉዳዩ ከኪስ አልፎ የኅሊና ጥያቄ ይሆናል።

የእጅ ሙያ ንቀት ትናንት የበቀለ አይደለም። ለዘመናት ማረሻና ማጭድ የሚሠራው ብረት ቀጥቃጭ፣ እንስራና ምጣድ የምትሠራው ሸክላ ሠሪ፣ ሌጦ የሚያለፋው ፋቂ፣ ጥጡን ጥበብ የሚያደርገው ሸማኔ ያለ እነርሱ ኑሮ የማይቻልበትን አገልግሎት ሲሰጡ፣ «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባሉ ከጋብቻና ከማዕድ ሲገለሉ፣ በብዙ ስፍራም ርስት ሲነፈጉ ኖረዋል። ገበሬው በማረሻው ጤፍ አብቅሎ፣ በምጣዱ የተጋገረውን እንጀራ እየበላ፣ ማረሻውንና ምጣዱን ከሠሩት ጋር ግን አንድ ገበታ አይቀርብም ነበር።

ይህ ልማድ ዕውቀትና እጅ በባሕርያቸው የሚጣሉ በመሆናቸው የመጣ አይደለም። በጥንቱ የቤተ ክህነት ትምህርት ቁም ጸሐፊው ብራናውን ፍቆ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ብዕሩን ከመቃ ቀርጾ ነበር መጽሐፉን የሚጽፈው። አእምሮውና እጁ በአንድ ገጽ ላይ ይገናኙ ነበር። ሆኖም ብራና የሚፍቀው ሲከበር ሌጦ የሚፍቀው ተናቀ። ልዩነቱ ለሥራው ከተሰጠው ስም እንጂ ከሥራው አልመነጨም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው ምክንያት መሳደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ችግሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያስረዳል። ነጋሪት ምላስን ለጊዜው ይገታ ይሆናል፤ የልብን ሚዛን ግን በአንድ ጀንበር አያስተካክልም።

ዘመናዊ ትምህርት ይህን ሚዛን የማቃናት ዕድል ነበረው። ተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ የተቋቋመው በ1934 ዓ.ም. ሲሆን፣ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ሥራ የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው። በዘመናዊቱ ኢትዮጵያ የእጅ ትምህርት ቤት ከዩኒቨርሲቲ ይቀድማል ማለት ነው። ይሁን እንጂ የቢሮ ወንበርና የወር ደመወዝ የተመደቡት ለቀለም ተማሪው ስለነበር የወላጅ ዓይን ወደዚያው አዘነበለ። ወላጅ በዚህ ሊወቀስ አይገባውም። ራሱ ሳይማር የኖረ፣ ማመልከቻ ለማስጻፍ በሰው ደጅ የቆመ አባት፣ ልጁ ብዕር እንዲጨብጥ መመኘቱ ሞኝነት ሳይሆን ካየው ኑሮ የተወለደ ማስተዋል ነበር።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ሰፊ ስፍራ ሰጥቷል። በአፈጻጸም ግን የ10ኛ ክፍል ፈተና ወንፊት ሆነ፤ ከፍተኛ ነጥብ ያመጣው ወደ መሰናዶ ሲያልፍ፣ የቀረው ወደ ሙያ ተመራ። ወንፊቱ ኋላ ቢቀርም ያስተማረው ትምህርት ግን ቀረ፤ ይኸውም «ሙያ የተረፈ ሰው ስፍራ ነው» የሚል ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ በሆነበት ዘመን፣ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። በአሮጌው ቋንቋ ከሄድን፣ በአንድ ዓመት ከ100 ወጣት ከ90 በላይ «ወደቀ» ማለት ነው። ከአንድ ትውልድ እጅግ የሚበዛውን ክፍል የወደቀ ብሎ የሚጠራ ኅብረተሰብ መመርመር ያለበት ወጣቶቹን ብቻ ሳይሆን የሚጠራበትን ቃልና ያስተማረበትን መንገድ ጭምር ነው።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ በየከተማው መንገድ በጥርብ ድንጋይ ይነጠፍ በነበረ ጊዜ የታየው ለዚህ ምስክር ነው። ብዙ ወጣት፣ ዲግሪ የያዘ ሳይቀር፣ መሮና መዶሻ ጨብጦ በሥራው ተሰማራ። ወዲያው «ኮብልስቶን» የሚለው ስም መቀለጃ ሆነ። የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በኩራት የሚያሳይ ሕዝብ ድንጋይ መጥረብን ለምን ይሣለቅበታል? ነገሩን ጠለቅ ብሎ ላየው፣ የወጣቱ ኀፍረት ሁሉ ከድንጋዩ የመጣ አልነበረም። ሦስትና አራት ዓመት የተማረበት ተስፋ ሲፈርስ፣ ሳይመርጠው የደረሰበት ሥራ የሽንፈት ምልክት ሆኖበት ነው። አንዱ ጠራቢ ድንጋዩን ወዶ ሲይዝ፣ ሌላው ሌላ በር ስለተዘጋበት ይይዘዋል። ከእጃቸው የሚወጣው ድንጋይ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ሰዎቹ ግን አንድ አይደሉም። ሥራን ክቡር የሚያደርገው አንዱ ነገር ምርጫ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የእጅ ሥራን የሚያወድስ ንግግር ሁሉ ቅን አይደለም። በቢሮው ተቀምጦ «ወጣቱ ሥራ አይናቅ!» የሚል ሰው፣ የገዛ ልጁን ውድ ትምህርት ቤት ከትቶ ለባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጅ ከሆነ፣ ውዳሴው ለሌላ ሰው ልጅ የተዘጋጀ መሸንገያ ነው። የድሃ ልጅ ሐኪምና መሐንዲስ የመሆን መብቱ «ሥራ ክቡር ነው» በሚል መፈክር ሊሸፈን አይገባም። ስለሆነም መካሪውን የሚፈትን አንድ ጥያቄ አለ፦ የሚመክረውን መንገድ ለራሱ ልጅ ይመርጠዋልን? መልሱ «የለም» ከሆነ፣ ምክሩ ሰውን ባለበት ደረጃ ለማቆየት የሚያገለግል አጥር ከመሆን አያልፍም።

ወደ ወጣቱ እንመለስ ቢባል፣ ለእርሱም ጥያቄ አለው። የሚተወው ዩኒቨርሲቲን ነው ወይስ ትምህርትን? ሁለቱ እጅግ የተለያዩ ናቸው። ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ በ1930ዎቹ መጨረሻ ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምህንድስና እንዲማሩ ነበር። ሀገሪቱ መሐንዲስ ያስፈልጋት ስለነበር የተመረጠላቸው መንገድ ክፉ አልነበረም። እርሳቸው ግን ወደ ሥዕል ዞሩ። ሲዞሩ ከትምህርት አልሸሹም፤ በለንደን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ገብተው ዓመታት ተማሩ። በአፍሪካ አዳራሽ የሚታየው 150 ካሬ ሜትር ያህል የሚሸፍን ባለ ቀለም መስታወት የዚያ ምርጫ ፍሬ ነው። የተመረጠላቸውን ትተው የመረጡትን ያዙ፤ የያዙትም ከተዉት የቀለለ አልነበረም።

ከዚህ የሚገኘው መመዘኛ ግልጽ ነው። የሒሳብ ትምህርት ስለከበደው ብቻ ወደ እንጨት ሥራ የሚሮጥ ወጣት፣ አናጢነትም ማዕዘንና ልኬት እንደሚጠይቀው ያገኘዋል። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ስሌቱን ቢስት ቤት ይቃጠላል፤ በያጁ ቢዘናጋ ድልድይ ይሰነጠቃል። ሙያ ለደካማ አእምሮ የተዘጋጀ ማረፊያ አይደለም። በአንጻሩ ደግሞ ዝንባሌውን አውቆ፣ የጌታውን እጅ እያየ ዓመታት ለመልመድ፣ መጽሐፍም ለማንበብ የቆረጠ ወጣት፣ ለወላጁ ላብ የሚገባውን ብድር በሌላ ገንዘብ ይከፍላል እንጂ ዕዳውን አልካደም። አባት ልጁን ያስተማረው የምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል ብቻ ከሆነ ተስፋው ይጎዳል፤ ልጁ ራሱን ችሎ፣ ለሌላም ተርፎ እንዲኖር ከሆነ ግን ተስፋው በሌላ በር ገብቷል።

ይህ ሁሉ ሸክም በወጣቱ ትከሻ ላይ ብቻ ሊጣል አይችልም። ምርጫ ምርጫ የሚሆነው ሁለቱም በሮች ሲከፈቱ፣ በአንዱ የገባም ቢፈልግ በሌላው ሊመለስ ሲችል ነው። በ18 ዓመቱ መዶሻ የመረጠ በ30 ዓመቱ የምህንድስና ክፍል ቢያንኳኳ ሊከፈትለት ይገባል። መምህሩም ከሁሉ በፊት በእጁ ያለውን ቀላል ነገር፣ ማለትም ቃሉን፣ ሊያርም ይችላል። ፈተናውን ያላለፈውን ልጅ ከመፈረጅ ይልቅ «ምን ትወዳለህ? እጅህስ ምን ያውቃል?» ብሎ መጠየቅ በጀት አይፈልግም። መሬት ላይ የቆመ ሁሉ ወድቆ አይደለም፤ ቤት የሚሠራውም ከመሬት ተነሥቶ ነው።