አሸናፊው በታወቀበት ምርጫ መወራረድ

ቁማር ሲነሣ ብዙዎቻችን ወዲያው የምናስበው በየሰፈሩ የሚቆረጠውን የእግር ኳስ ውርርድ ቲኬት ነው። እኔ ዛሬ ላነሣው የፈለግሁት ግን ከዚያ ይልቅ ጨዋ መስሎ የሚታየውን፣ በአሜሪካ አገር የትንበያ ገበያ ተብሎ የሚጠራውን ነው። በእንዲህ ያለ ገበያ ገንዘብ ያስያዘ ሰው «የተወራረድሁት በማውቀው ነገር ነው፤ ታዲያ ማንን በደልሁ?» ብሎ ቢጠይቀን ምን እንመልስለታለን?

አሠራሩ እንዲህ ነው። «እገሌ ይመረጣል» የሚል ውል ለሽያጭ ይቀርባል። ሰውየው ከተመረጠ ውሉ 1 ዶላር ይከፍላል፤ ካልተመረጠ ምንም አይከፍልም። ውሉ በ97 ሳንቲም የሚሸጥ ከሆነ ገበያው የሰውየውን መመረጥ ያለቀ ጉዳይ አድርጎ ቆጥሮታል ማለት ነው። በ97 የገዛው 3 ሳንቲም ያተርፋል፤ «አይመረጥም» ብሎ 3 ሳንቲም ያስያዘው ሌላው ሰው ደግሞ ያችኑ ያጣል። ገዥው አንድ ጊዜ ቢሳሳት የከሰረውን ለመመለስ 33 ጊዜ ማሸነፍ አለበት። ይህ ሒሳብ «እርግጠኛ ነኝ» ለሚል ሰው ጥሩ መምህር ነው፤ ነገር ግን የእኔ ጥያቄ ስለ ኪሳራ አይደለም። እንዲያውም ሰውየው ፈጽሞ አይከስርም እንበል።

ለዚህ ገበያ የሚከራከሩ ሰዎች ያላቸው ምክንያት የሚናቅ አይደለም። የኢኮኖሚ ሊቁ ፍሪድሪክ ሃየክ በ1945 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ በብዙ ሰዎች ዘንድ ተበታትኖ የሚገኘውን ዕውቀት የገበያ ዋጋ እንደሚሰበስበው አስረድቷል። የአይዋ ዩኒቨርሲቲ መምህራንም በ1988 የምርጫ ገበያ ያቋቋሙት ለምርምርና ለትምህርት ሲሆን፣ አንድ ተሳታፊ የሚያስገባው ገንዘብ ከ500 ዶላር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ በዋሽንግተን የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ካልሺ የተባለው ኩባንያ ኮንግሬስን የትኛው ፓርቲ እንደሚይዝ ውርርድ እንዳያቀርብ የከለከለውን የተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ውሳኔ ሻረ። እንግዲህ ሕግ በሩን ከፍቷል ማለት ነው።

ክርክሩን እንዳለ እንቀበለውና ወደ ታወቀው ወረዳ እንውሰደው። የአሜሪካ የእንደራሴዎች ምክር ቤት 435 መቀመጫዎች አሉት። ከእነዚህ ውስጥ በእውነት የሚያጠራጥሩት ጥቂቶች ናቸው፤ የቀሩት በየትኛው ፓርቲ እጅ እንደሚሆኑ ከወራት በፊት ይታወቃል። እንዲህ ባለው ወረዳ ገበያው የሚሰበስበው የተበታተነ ዕውቀት የለም፤ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን መልሶ ይናገራል እንጂ። የውርርዱ ጥቅም ዕውቀት ነው ከተባለ፣ ውርርዱ እጅግ አስተማማኝ በሆነበት ቦታ ጥቅሙ ይጠፋል። የምትቀረው ያችው 3 ሳንቲም ነች።

ለመሆኑ ወረዳው የታወቀ የሆነው እንዴት ነው? አንዳንዱ ሕዝቡ በአሳብ ስለሚስማማ ነው፤ በዚህ ነውር የለም። ሌላው ግን በሥልጣን ላይ ያሉት ወሰኑን ለራሳቸው እንዲመች አድርገው ስላሰመሩት ነው። ይህ ብልሃት በማሳቹሴትስ ገዥ በኤልብሪጅ ጄሪ ስም መጠራት የጀመረው በ1812 ሲሆን፣ በ2019 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለፓርቲ ጥቅም የሚደረገውን አከፋፈል የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሊዳኙት እንደማይችሉ ወስኗል። በእንዲህ ያለ ወረዳ 97 ሳንቲም ያስያዘ ሰው የሚያተርፈው የጎረቤቱ ድምፅ ዋጋ እንዲያጣ አስቀድሞ ከተሠራ ሥራ ነው። ወሰኑን እርሱ አላሰመረም፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ወሰኑ እንዳለ እንዲቆይ የሚመኝበት ምክንያት አሁን አገኘ።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ምኞት ነው። በቴነሲ ሰባተኛ ወረዳ በ2024 ዶናልድ ትራምፕ በ22 ነጥብ ያህል ልዩነት አሸንፈው ነበር። በዲሴምበር 2 ቀን 2025 በዚያው ወረዳ በተደረገው የማሟያ ምርጫ የዚያው ፓርቲ ዕጩ ማት ቫን ኤፕስ አሸነፉ፤ ልዩነቱ ግን ወደ 9 ነጥብ ወረደ። ለመራጩ ይህ ትልቅ ንግግር ነው። አሸናፊውን ብቻ ለሚጠይቀው ውል ግን 22ም 9ም አንድ ናቸው፤ ዶላሩን ከፍሎ ይዘጋል። በውሉ ላይ ገንዘብ ያለው ሰው ልዩነቱ ሲጠብ የሚሰማው የሕዝብን ቃል አይደለም፤ በኪሱ ላይ የመጣ ሥጋት ነው።

ነገሩ ከእኛም የራቀ አይደለም። በአሌክሳንድሪያና በአርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ፣ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። በ2024 የእነዚህ ከተሞች ነዋሪዎች በመረጡበት በስምንተኛው ወረዳ ዴሞክራቱ ዶን ቤየር ከመቶ 70 በላይ ድምፅ አግኝተዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ዜግነት አግኝታ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የምትሰጥ እናት ውጤቱን አታጣውም፤ ሆኖም ከሥራ አስፈቅዳ ትሰለፋለች። ልጇ በዚያው ምርጫ ላይ በስልኩ ሳንቲም ሲለቅም ብታየውና «ልጄ፣ እኔ ቃሌን ልሰጥ ነው የሄድሁ፤ አንተ ምን ታገኝበታለህ?» ብትለው፣ ሌባ ባይሆንም መልሱ ይቸግረዋል።

«እኔ የምወራረደው ለደካማው ዕጩ ነው፤ ይህ ድጋፍ ነው» የሚልም አይጠፋም። ያች 3 ሳንቲም ግን ለዕጩው አትደርስም፤ ወረቀት አታሳትምም፣ በር አታንኳኳም። የምትደርሰው 97 ሳንቲም ላስያዘው ሰው ነው። በ2018 በኒው ዮርክ አሥራ አራተኛ ወረዳ፣ ከ1999 ጀምሮ በምክር ቤቱ የነበሩት ጆ ክራውሊ በፓርቲያቸው ቅድመ ምርጫ በአሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ-ኮርቴዝ ተሸንፈዋል። ወረዳው ለፓርቲው የታወቀ እንደ ሆነ ቀረ፤ እንደራሴው ግን ተለወጠ። ለዚያ የደከሙት ቤት ለቤት እየዞሩ የቀሰቀሱት ናቸው።