ቅርፊቱን ማን ይስበረው?

«ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ስለ ኖርን፥ ቆም ብሎ ትርጕሙን የሚመረምረው ሰው ጥቂት ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የቸኰለን ሰው ለማጽናናት፥ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ጉዳዩ የዘገየበትን ባለጉዳይ በዘዴ ለማሰናበት ነው። ነገር ግን ይህን ቃል አስቀድሞ የተናገረው ሰው ዶሮ አስታቅፎ የሚያውቅ ሰው ሳይሆን አይቀርም። «ቀስ በቀስ» በሚለው ውስጥ የ21 ቀን የእናት ሙቀት ተሰውሮበታል፤ «በእግሩ» በሚለው ውስጥ ደግሞ ማንም ስለ እርሷ ሊሠራላት የማይችለው የጫጩቲቱ የራሷ ሥራ አለበት። ዛሬ ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ ከእነዚህ ከሁለቱ ቃላት መካከል የሚነሣ ነው። ይኸውም፥ ደካማ ለሆነ ፍጡር የሚደረገው እርዳታ ወሰኑ የት ነው? ከየት ላይ ሲደርስ ነው ርኅራኄ መሆኑ ቀርቶ ጉዳት የሚሆነው?

ነገሩን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከጓሮ እንጀምረው። በደቡብ ጎንደር በእስቴ ወረዳ፥ በመካነ ኢየሱስ ከተማ ዙሪያ ባሉት መንደሮች፥ እንደ ሌላውም የአገራችን ገጠር ሁሉ፥ ዶሮ የቤት እመቤት ሀብት ናት። በሬውና እርሻው የአባወራው ሲባሉ ዶሮዋና ዕንቁላሉ ግን የእርሷ ናቸው። በገበያ ቀን ዕንቁላሉ ጨው ይሆናል፤ ሳሙና ይሆናል፤ ለተማሪ ልጅም ደብተርና እስክርቢቶ ይሆናል። ዶሮዪቱ መታቀፍ በፈለገች ጊዜ ያረጀ ቅርጫት ወይም እንቅብ ተፈልጎ፥ ጭድ ተነጥፎበት፥ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ዕንቁላል ይደረግላታል። እርሷም ለመብላትና ለመጠጣት ጥቂት ጊዜ ካልሆነ በቀር ሳትነሣ ትቀመጣለች። በ21ኛው ቀን ገደማ ጫጩቶቹ መውጣት ይጀምራሉ።

ከዕንቁላሎቹ አብዛኞቹ ተፈልፍለው በእናታቸው ክንፍ ሥር በሚደርቁበት ጊዜ፥ አንዲቱ ቅርፊቷን በአንድ በኩል ብቻ በስታ ትቀራለች። ድምፅዋ ይሰማል፤ የምንቃሯም ጫፍ በቀዳዳው ይታያል፤ ነገር ግን አትወጣም። ይህን ያየው ልጅ እየሮጠ ይመጣና «እማዬ፥ ልስበርላትና ትውጣ» ይላል። እናቱም «ተዋት፥ አትንካት» ትለዋለች። ይህን ንግግር ከሩቅ ሆኖ ለሚሰማ ሰው ልጁ ሩኅሩኅ፥ እናቲቱ ግን ልበ ደንዳና መስላ ትታየዋለች። ፍርዱ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

በመጨረሻዎቹ ቀናት በቅርፊቱ ውስጥ የሚደረገውን ነገር ሊቃውንት በሚገባ መርምረውታል። ጫጩቲቱ ራሷን በቀኝ ክንፏ ሥር አድርጋ ምንቃሯን ወደ ዕንቁላሉ ሰፊ ጫፍ፥ አየር ወዳለበት ክፍል ታዞራለች። በመጀመሪያ የውስጡን ስስ ሽፋን ትበሳና ከዚያች ጥቂት አየር በሳንባዋ መተንፈስ ትጀምራለች። ከዚያም በምንቃሯ ጫፍ ላይ ለዚህ ሥራ ብቻ በተሰጣት፥ ከወጣችም በኋላ በጥቂት ቀን ውስጥ በሚረግፍ ጠንካራ ነቁጥ ቅርፊቱን ትወጋለች። ከዚህች ቀዳዳ ተነሥታ ጨርሳ እስክትወጣ ድረስ የዶሮ ጫጩት ግማሽ ቀን፥ አንዳንድ ጊዜም አንድ ሙሉ ቀን ይፈጅባታል። በዕንቁላል ውስጥ 28 ቀን የምትቆየው የዳክዬ ጫጩት ደግሞ እስከ ሁለት ቀን ልትዘገይ ትችላለች። ከውጭ ሆኖ ለሚመለከት ሰው ይህ ጊዜ ሁሉ ድካምና ጣር ብቻ ይመስላል። በውስጥ ግን ሁለት ታላላቅ ሥራዎች በመፈጸም ላይ ናቸው። በሽፋኑ ላይ እንደ ዛፍ ሥር የተዘረጉት የደም ሥሮች ደማቸውን ወደ ጫጩቲቱ ሰውነት ይመልሳሉ፤ የተረፈውም አስኳል በእምብርቷ በኩል ወደ ሆዷ ይገባል። ይህ አስኳል ስንቋ ነው። ሁለትና ሦስት ቀን ምንም ሳትቀምስ ያኖራታል። ከዶሮ እርባታ ማዕከሎች የሚከፋፈሉት የአንድ ቀን ጫጩቶች ረጅሙን መንገድ በካርቶን ሆነው ሳይበሉ ሳይጠጡ የሚዘልቁት በዚሁ ስንቅ ነው።

እንግዲህ ያ ልጅ እንዳሰበው ቅርፊቱን በጥፍሩ ልጦ ቢያወጣት፥ ወደ ሰውነቷ ያልተመለሰው ደም ይፈሳል፤ ስንቋም ከሆዷ ውጭ ይቀራል። በእጁ ላይ የምትሞተው በጠላት እጅ ሳይሆን በወዳጅ እጅ ነው። ርኅራኄው እውነተኛ ነበር፤ የጐደለው ሰዓቱን ማወቅ ነው። «አትንካት» ያለችው እናት ስለ አስኳልና ስለ ደም ሥር ከማንም ሳትማር፥ ብዙ ጊዜ አይታ የደረሰችበትን ተናገረች እንጂ አልጨከነችም። ደግሞም የምታውቀው መተውን ብቻ አይደለም። ቀኑ አልፎ ሽፋኑ ደርቆ ጫጩቲቱን አጣብቆ የያዛት መሆኑን ስታይ፥ ጥጥ ለብ ባለ ውኃ ነክሮ ሽፋኑን ማርጠብ ይቻላል። ይህም ቢሆን ቅርፊቱን መስበር አይደለም፤ ሰባሪዋ ሥራዋን ትሠራ ዘንድ መንገዱን ማለስለስ ነው።

ይሁን እንጂ «አትንካት» የሚለው ቃል አደገኛ ቃል ነው። በጥበበኛ አፍ ጥበብ ሲሆን በሰነፍ አፍ መሸሸጊያ ይሆናል። ጫጩቲቱ እንደ ምንም ብላ ከወጣች በኋላ፥ ላባዋ እንደ ረጠበ፥ አንገቷን መሸከም አቅቷት፥ እግሮቿም ግራና ቀኝ ተንሸራተው ስትተኛ፥ ያን ጊዜ አለመንካት መግደል ነው። እናቲቱ ዶሮ የቀሩትን ይዛ መጫር ትጀምራለች፤ ለአንዲት ብላ አትመለስም። ከጉና ተራራ በኩል ብርድ በሚወርድበት አገር እርጥብ ጫጩት ስንት ሰዓት ትቆያለች? በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩት የምትፈልገው ሙቀት 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው፤ ይህም ከሰው ገላ ሙቀት ብዙ የማይርቅ ነው። ስለዚህ በባዘቶ ተጠቅልላ በጉያ መያዝ፥ ወይም በቅርጫት ሆና ከምድጃው አጠገብ፥ እሳቱ ከማያቃጥልበት ሥፍራ መቀመጥ ይበቃታል (ይህን ስንል የቤቱን ድመት ረስተን አይደለም)። ስንቋ ገና በሆዷ ስለ ሆነ በግድ ማጉረስ አያስፈልግም፤ የምንቃሯን ጫፍ ለብ ባለ ውኃ መንከር ብቻ ነው። እግሮቿ የተንሸራተቱባትንም ከለስላሳ ወለል አንሥቶ ጭድ ላይ ማኖርና ሁለቱን እግሮች በመጠን አቀራርቦ በለስላሳ ክር ማሰር ያቆማታል። እነዚህ ሁሉ ገንዘብ የማይጠይቁ፥ ጊዜን ግን የሚጠይቁ ነገሮች ናቸው።

እዚህ ላይ ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። «ተፈጥሮ ራሷ ደካማውን ትጥላለች፤ ብርቱውን ታስቀራለች፤ እኛ ማን ሆነን ነው ፍርዷን የምንሽረው?» የሚሉ አሉ። ብዙውን ጊዜም የእንግሊዛዊውን የቻርለስ ዳርዊንን ስም ይጠራሉ። ነገር ግን ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ ፍጥረታት አመጣጥ የጻፈውን የሚጠቅሱ ሰዎች፥ በ1871 ስለ ሰው ዘር ባሳተመው መጽሐፍ ለደካሞች ያለንን ርኅራኄ ብንገታው ከባሕርያችን የከበረውን ክፍል እንደምናበላሽ መግለጡን ቢያነቡ ኖሮ በስሙ እንዲህ ባልደፈሩ ነበር። ተፈጥሮ የሚሆነውን ታሳያለች እንጂ የሚገባውን አታስተምርም። ዶሮዪቱ ደካማዪቱን ጥላ መሄዷ ለእርሷ ነውር አይደለም፤ ዘጠኝ ልጆች ይዛ ለአሥረኛዪቱ የምትተርፍበት እጅ የላትም። ሰው ግን እጅ አለው፤ ምድጃም አለው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ የከበደ ነው፤ ከድኻ ቤት የሚመጣ ስለ ሆነ ልናቃልለው አይገባንም። «እህሉ ለልጆቼም አልበቃ፤ ነገ ለምትሞት ጫጩት ምን ብዬ ቀኔን ላጥፋ?» የምትል እናት ብትኖር፥ ጠግቦ ያደረ ሰው የሚመልስላት ቃል የለውም። ሆኖም በሒሳብ ረገድ እንኳ ነገሩን እንየው ብንል፥ ብርቱዎቹም ቢሆኑ ዋስትና የላቸውም። ጭልፊት ከላይ፥ ሸለምጥማጥ በሌሊት፥ ፈንግል የመጣ ዓመት ደግሞ መንደሩን በሙሉ ባዶ ያደርገዋል። ከብርቱዎቹ ስንቶቹ ገበያ ይደርሳሉ? ደካማዪቱን የምትንከባከበው እናት እንግዲህ ትርፍ አስልታ አይደለም። የጀርመኑ ፈላስፋ አማኑኤል ካንት ለእንስሳ መራራት የሚገባን በእንስሳ ላይ የጨከነ ልብ በሰውም ላይ ስለሚጨክን ነው ይላል። እንግሊዛዊው ጄረሚ ቤንታም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1789 ባሳተመው መጽሐፉ፥ መጠየቅ ያለበት ማሰብ ይችላሉ ወይ ሳይሆን ሕመም ይሰማቸዋል ወይ የሚለው ነው ሲል ከካንት በተለየ መንገድ ይሄዳል። እኛ ወደ ቤንታም እናዘነብላለን። በጉያ ያለችው ጫጩት ስትንቀጠቀጥ የሚበርዳት እርሷን ነው እንጂ የእኛን ጠባይ ለማሳመር አይደለም።

ጥቅም ብቻ የሚቈጥር ሰውን ሊያስገርመው የሚችል አንድ ታሪክ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ1880 ገደማ ስቴፋን ታርንዬ የተባለ የፓሪስ የማዋለጃ ሐኪም በከተማው የእንስሳት ማሳያ ስፍራ የዶሮ ዕንቁላል የሚፈለፈልበትን የማሞቂያ ሣጥን ተመለከተ። ያለ ጊዜያቸው ተወልደው በብርድ ብቻ የሚሞቱት ሕፃናት ትዝ አሉትና ለእነርሱ የሚሆን ሣጥን በዚያው ዐይነት አሠርቶ በሚሠራበት የማዋለጃ ሆስፒታል አስገባው። ዛሬ በየሆስፒታሉ የምናየው የሕፃናት ማሞቂያ የዚያ የጫጩት ሣጥን ዘር ነው። ሣጥኑ ባልበቃበት ደግሞ በ1970ዎቹ መጨረሻ በኮሎምቢያ በቦጎታ ከተማ ሐኪሞች ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ አድርጎ ማሞቅን ጀመሩ። በአገራችንም በአዲስ አበባ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት፥ ክብደታቸው አንሶ ከተወለዱት ሕፃናት መካከል በዚህ መንገድ ገና ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጀምሮ የተያዙት በብዛት እንደ ተረፉ አሳይቷል። ሕፃንን ከጫጩት ጋር አስተካክለን መናገራችን አይደለም፤ ነገር ግን ደካማን በጉያ መያዝ የባላገር ሞኝነት አድርጎ የሚያይ ሰው ካለ ይህን ያስብ።

ከጓሮ ወደ ቢሮና ወደ ትምህርት ቤት ስንገባ ጥያቄው ያው ነው፤ የሚከብደው ግን እዚህ ነው። አስተማሪው የሚንተባተበውን ተማሪ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት አቁሞት መላው ክፍል ሲስቅ፥ አዝኖለት መልሱን ራሱ ቢናገርለት ቅርፊቱን ሰበረው ማለት ነው። ልጁ ከዚያ ቀን ይድናል፤ በሚቀጥለው ግን ስንቅ የለውም። «ራሱ ይወጣው» ብሎ ቢተወው ደግሞ በብርድ ትቶታል። አስተማሪነቱ የሚታየው ሳቁን ዝም አሰኝቶ፥ ልጁ ቃሉን ፈልጎ እስኪያገኝ ድረስ የሚታገሥባት ያቺ ደቂቃ ላይ ነው። ያቺ ደቂቃ ለአስተማሪው ረጅም ናት፤ ሌሎች ሃምሳ ተማሪዎች አሉበት። ባለሥልጣኑም እንደዚሁ ነው። ማመልከቻ ይዞ ከሩቅ የመጣውን ገበሬ «ሕጉን ራስህ እወቅ» የሚለው ጸሐፊ ብዙ ጊዜ ስለ ገበሬው መብቃት ተጨንቆ አይደለም፤ ወንበሩ ሞቆት ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ምናልባት መርዳትን መጀመር ሳይሆን ማቆም ነው። ኮንራድ ሎሬንዝ የተባለው የኦስትሪያ ሊቅ፥ በ1973 የኖቤልን ሽልማት ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር የተካፈለው፥ ገና ልጅ ሳለ ከጎረቤት አንዲት የአንድ ቀን የዳክዬ ጫጩት ተሰጠችው። ጫጩቲቱም እርሱን እናቷ አድርጋ በሄደበት ሁሉ ትከተለው ጀመር። ከዚህ የተነሣ ወፎች ከተፈለፈሉ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ያዩትንና የሚንቀሳቀሰውን ነገር እንደ እናት እንደሚይዙ በኋላ በሰፊው አጥንቶ ጻፈ። እንግዲህ ደካማን በጉያው የያዘ ሰው ሌላ ዕዳ ገብቷል። መከተልዋ ያስደስተዋል፤ እርሷ ግን ዶሮ ሆና መኖር አለባት፤ መጫርን፥ ከጭልፊት መሸሸግን የምትማረው ከሰው አይደለም። ስለዚህ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን፥ እግሯ ሲጸና፥ ክሩ ተፈትቶ ወደ እናቷ መመለስ ይገባታል። በቀን ቢያስገቧት ዶሮዪቱ ባዕድ ናት ብላ ልትወጋት ትችላለች። ሲመሽ፥ መብራቱ ጠፍቶ፥ ሌሎቹ ተኝተው ሳለ፥ እጅን በክንፏ ሥር ቀስ አድርጎ አስገብቶ እዚያው ይተዋታል፤ ከዚያም በጨለማው ውስጥ ጥቂት ቆሞ ጩኸት እንዳለ ያዳምጣል።