የአራት ሌሊት ሂሳብ

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የሂሳብ ሠራተኛ ነበር። ለመስክ ሥራ ሲታዘዝ ውሎ አበሉን ሳይቀበል መኪና ውስጥ አይገባም፤ ሲመለስም ያደረበትን ሌሊት ቆጥሮ፣ ደረሰኙን አያይዞ ሂሳቡን ያወራርዳል። ሚስቱ ነጋዴ ናት። ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ልጆቹን የምትይዝ ሞግዚትም አለች። ልጆቹ «እታለም» ይሏታል።

ከእታለም በፊት የነበሩት ሞግዚቶች ለበዓል አገራቸው እንደሄዱ ቀርተዋል። ሲደወልላቸውም አያነሱም። በዚህ የተማረረችው ሚስት አንድ ዘዴ አበጀች፤ የመጀመሪያውን ወር ደሞዝ መያዣ አድርጋ ታስቀራለች። መያዣው ግን ማንንም አላስቀረም። «የወር ደሞዟን ጥላ ሄደች! ምን ዓይነት ልብ ነው?» እያለች ለጎረቤት ትነግራለች። የእታለምም አንድ ወር እሷ ዘንድ ነው።

በግማሽ ዓመቱ የትምህርት ቤት እረፍት ቤተሰቡ አንኮበርን ሊያይ ተነሳ።

«አንቺም ትዝናኛለሽ፤ አገርሽ አይደል?» አለቻት ሚስት።

እውነት ነው፣ አገሯ ነው። እናቷ ከአንኮበር ተራራ ሥር፣ ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው መንገድ ላይ ይኖራሉ። «እሺ እትዬ» አለችና የልጆቹን ሹራብና ካልሲ ሻንጣ ውስጥ ትከት ጀመር።

130 ኪሎ ሜትር ተጉዘው የመጀመሪያውን ሌሊት ደብረ ብርሃን፣ በባልየው እናት ቤት አደሩ። የደብረ ብርሃን የጥር ብርድ እንግዳ አይምርም። አሮጊቷ እሳት ዳር ተቀምጠው የበግ ፀጉር ይፈትላሉ፤ ልጃቸው እግሩን ወደ ፍሙ ዘርግቶ የመሥሪያ ቤቱን በደል ያወራል።

«ባለፈው ወር ደሴ ስምንት ሌሊት አድሬ የስድስቱን ብቻ ከፈሉኝ። ቅዳሜና እሑድ ሥራ አልነበረም ብለው!»

«ቅዳሜና እሑድ ምን ስትሠራ ነበር?»

«ተኝቼ ነዋ፣ እማዬ። ግን ከቤቴ ውጭ ነው ያደርኩት። ሌሊቱ የእነሱ ነው።»

አሮጊቷ እንዝርታቸውን አሾሩ። ከእሳቱ ማዶ እታለም ፍራሽ ላይ በሁለቱ ልጆች መካከል ተጋድማለች። ትንሹ አፍንጫው ታፍኖ ቶሎ ቶሎ ይነቃል። በነቃ ቁጥር እጇ ከብርድ ልብሱ ይወጣና አፍንጫውን ጠርጎ፣ ጀርባውን መታ መታ አድርጎ ይመለሳል። ዓይኗ ተከድኗል፤ እንቅልፍ ግን አልወሰዳትም።

«የእሷስ ሌሊት የማን ነው?» አሉ አሮጊቷ።

ልጃቸው ሳቀ። «እማዬ ደግሞ! ለቤት ሠራተኛ ምን አበል አለ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ እንኳ፣ 1156/2011፣ የግል አገልግሎት ቅጥርን አይመለከትም።»

«አዋጁ ክፈላት አላለህም፤ እሺ። አትክፈላት ብሎሃል?»

በሰኔ 2003 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ጄኔቫ ላይ የቤት ሠራተኞችን ስምምነት ሲያጸድቅ፣ ሠራተኛዋ እንደ ልቧ የማትሆንበት፣ ጥሪ የምትጠብቅበት ጊዜ የየአገሩ ሕግ በሚወስነው መጠን እንደ ሥራ ሰዓት እንዲታይ ጽፏል። አሮጊቷ ይህን አልሰሙም። እሳቸው ያዩት ከብርድ ልብሱ የሚወጣውን እጅ ነው።

አንኮበር ላይ ያረፉት የምኒልክ ቤተ መንግሥት በነበረበት ኮረብታ ላይ ነው። መኪናው ከታች ይቆማል፤ ቀሪው ዳገት በእግር ነው። ትንሹን ያዘለችው እታለም ናት። ባልየው አንድ ጠርሙስ ውኃ ይዞ ከኋላዋ ሲወጣ ትንፋሽ አጠረው።

ማታ ወረቀት አወጣ። የወር ደሞዟን ለሠላሳ አካፈለ፣ የአንዱን ቀን ድርሻ በአራት ሌሊት አባዛ፣ ከደሞዟ በላይ የሚከፈል ብሎ ጻፈ። «ሐሙስ የራሷ ይሁን፤ እናቷን አይታ አርብ ትመለስ። አበሉንም እንደ እኛ መሥሪያ ቤት ቅድሚያ ትቀበል» አለ።

«ገንዘብ ይዛ እናቷ ቤት ወርዳ ልትመለስ? አንተ አታውቃቸውም!»

ቦርሳው ሚስት ጋ ነው። ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ማለዳ፣ ቆላው ገና በጉም እንደተሸፈነ፣ እታለም ነጠላዋን አጣፍታ ደጅ ቆማ አገኘቻት።

«ትመለሻለሽ?»

«ነገ በምሳ ሰዓት፣ እትዬ።»

ሌሎቹም እንዲሁ ብለዋት ነበር። ሚስት የአራቱን ሌሊት ቆጠረች፤ ደግማ ቆጠረች። ቦርሳዋን ልትዘጋ ስትል ቆም አለች። መያዣ ይዛ ማንን አስቀረች? የያዘችውን የወር ደሞዝ ከላይ ጨመረችበት። እታለም በሁለት እጇ ተቀበለች፣ ትንሹን ሳመችና ቁልቁለቱን ወረደች።

የዚያን ዕለት ከልጆቹ ጋር አባትና እናት ዋሉ፣ አደሩም። ትንሹ ሌሊት አራት ጊዜ ነቃ። አርብ ረፋድ ላይ ትልቋ ልጅ ጭላዳ እያየች ስትቦርቅ እናቷ ዓይኗን ከመንገዱ አልነቀለችም። ምሳ ሳይቀርብ እታለም የእናቷን ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ዳገቱን ስትወጣ ታየች።

ማታ የታጠፈ ብር ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ጋሼ፣ የሐሙስ ሌሊት እናቴ ቤት ነው ያደርኩት። አይቆጠርም።»

«ተይው፣ ያዢው።»

«ሂሳብ ነው፣ ጋሼ።»

ስንቱን ሂሳብ ያወራረደ ሰው ብሩን አየት አድርጎ ዝም አለ። የደሴውን ቅዳሜና እሑድ አስታውሶ ይሆናል። ከዚያ አራቱን ሰርዞ ሦስት ብሎ ጻፈ፤ ፈረመ፣ አስፈረማትም።

ቅዳሜ ወደ ደብረ ብርሃን ሲመለሱ እታለም ከኋላ ወንበር ተናገረች።

«እትዬ፣ ከሰኔ በኋላ አልቆይም። ከእናቴ ጋር ተማክረናል፤ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቼ ትምህርቴን ልጨርስ ነው። እስከዚያ ሌላ ሰው ይፈልጉ። ልጆቹ እስኪለምዷት አብሬያት እሆናለሁ።»

ሚስት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። የታጨዱ የገብስ ማሳዎች፣ በጎች፣ ደግሞ በጎች።

«እነዚያ ለምን እንዲህ ሳይነግሩኝ ሄዱ?» አለች።

«ቢነግሩዎት መያዣቸውን ይሰጧቸው ነበር?»

«አልሰጣቸውም ነበር።»

ከዚያ ስልኳን አውጥታ የድሮ ቁጥሮች ስትፈልግ ቆየች። ደብረ ብርሃን ሊደርሱ ሲሉ የባሏን ክንድ ነካ አደረገች።

«የአንዷን ቁጥር ቴሌብር ላይ ሳስገባው ስሟ ወጣ። ያኔ ደሞዟ ስንት ነበር?»