የደሴቱ ዕረፍትና የገበያው ሚዛን



ሰው ወደ ቅዱሳት መካናት የሚጓዘው የደከመች ነፍሱን ሊያሳርፍ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ነገር ግን ያገኘው ዕረፍት እውነተኛ መሆኑ በምን ይታወቃል? በደሴቱ ላይ ባፈሰሰው እንባ ነውን? ወይስ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ በሚሠራው ሥራ ነው? ይህ ጥያቄ በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች፣ በአጋሮ፣ በየቡና በሊሙ ገነት የምንኖረውን ክርስቲያኖች በብርቱ ይመለከተናል፤ ቡናው ተለቅሞ፣ ደርቆና ተሽጦ ባለቀ ጊዜ ከመካከላችን ስንቁን ቋጥሮ ወደ ጣና ወይም ወደ ዝዋይ ደሴቶች የሚሄድ አለና። መንገዱም አጭር አይደለም። ከጅማ እስከ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ እስከ ባሕር ዳር ደግሞ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ይህን ያህል ደክሞ የሚሄድ ሰው ምን ይዞ እንደሚመለስ ቢጠይቅ የሚገባው አይደለምን?

አስቀድመን ደሴቶቹ ለቤተ ክርስቲያናችን ምን እንደ ሆኑ እንመልከት። በጣና ሐይቅ ላይ 37 ያህል ደሴቶች እንዳሉ ይነገራል፤ በእነርሱም ላይ ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ጣና ቂርቆስ፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት ናርጋ ሥላሴና ሌሎችም ገዳማት ይገኛሉ። አባቶቻችን ባቆዩልን ትውፊት መሠረት ታቦተ ጽዮን ወደ አክሱም ከመግባቷ በፊት በጣና ቂርቆስ ለብዙ ዘመን ተቀምጣለች። ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜም ካህናቱ ታቦቷን ይዘው ወደ ዝዋይ ደሴት፣ ዛሬ ደብረ ጽዮን ወደሚባለው ስፍራ ሸሹ፤ ሰላም በሆነ ጊዜ ግን ወደ አክሱም መለሷት። እንደዚሁም በ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነት ብዙ መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት በደሴቶች ተሸሽገው ተርፈዋል።

ከዚህ ነገር አንድ ታላቅ ትምህርት እናገኛለን። ታቦቷ ወደ ደሴቱ የገባችው በዚያ ተሰውራ ለመቅረት አልነበረም፤ ተጠብቃ ወደ ሕዝቧ ለመመለስ ነበር እንጂ። መጻሕፍቱም የተሸሸጉት ሳይነበቡ እንዲኖሩ ሳይሆን ከመከራው በኋላ እንዲነበቡ ነው። እንግዲህ ደሴት የሚመለሰው ነገር የሚጠበቅበት ስፍራ ነው። በዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አፅም አርፎ ይገኛል። በደሴቱ ሊቀሩ የሚገባቸው ዓለምን የተዉት መነኰሳትና ሩጫቸውን የፈጸሙት ሙታን ናቸው፤ ለሌላው ሰው ግን ያመጣው ጀልባ በወደቡ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ደግሞም በደሴቱ ያሉት አባቶች ሥራ የፈቱ አይደሉም። በሌሊት ለጸሎት ይነሣሉ፤ በቀንም በየተራቸው ይሠራሉ። ከባሕር ዳር በጀልባ የሚደረስባትን ዘጌን ያየ የእኛ አገር ሰው በዚያ የሚያውቀውን ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር በቅሎ ያገኘዋል። የአገሩ ትውፊት እንደሚለው አቡነ በትረ ማርያም በጸሎታቸው ለሕዝቡ ቡናን፣ ጌሾንና ሎሚን ተቀብለው፣ ምድሩ በሞፈር እንዳይታረስ አዝዘዋል፤ ስለዚህም ደኑ እስከ ዛሬ አለ። እንግዲህ የጅማ ቡና ነጋዴ ከቡና ሸሽቶ ቢሄድ በዘጌም ቡና ይቀበለዋል። ልዩነቱ ከቡናው ሳይሆን ቡናውን ከሚይዘው ልብ ነው፤ በዚያ እንደ በረከት ተቀብለው ይጠብቁታል፤ በእኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ እንደ ብር ብቻ ይቈጠራል።

ጌታችንም ስለ ዕረፍት ያስተማረውን እናስተውል። ሐዋርያት ከስብከት ደክመው በተመለሱ ጊዜ ለብቻቸው ወደ ምድረ በዳ ሂደው ጥቂት እንዲያርፉ እንዳዘዛቸው፣ እነርሱም በታንኳ እንደ ሄዱ በማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 6 ተጽፎአል። ነገር ግን ሕዝቡ በእግር ሮጦ ቀደማቸው። ጌታም ሕዝቡን አይቶ አዘነላቸው እንጂ አላባረራቸውም። እንግዲህ የሐዋርያት ዕረፍት ባሕሩን እስኪሻገሩ ድረስ ብቻ ቈየ፤ ከታንኳው ሲወርዱ የተራበ ሕዝብ ጠበቃቸው። በምዕራፍ 5 ደግሞ አጋንንት የወጡለት ሰው ወደ ታንኳው ገብቶ ከጌታ ጋር ለመሄድ ለመነ። ጌታ ግን አልፈቀደለትም፤ ወደ ቤቱና ወደ ዘመዶቹ ሂዶ የተደረገለትን ምሕረት እንዲናገር አዘዘው። በውኑ ከጌታ ጋር ከመሆን የሚበልጥ ምን ነበር? ነገር ግን ያ ሰው ከጌታው የማይለይበት መንገድ ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ከተማ እንመለስ። ሄርማታ በአባ ጅፋር ዘመን ከጂሬን ቤተ መንግሥት አጠገብ የሚቆም ታላቅ የሐሙስ ገበያ ነበረች። ከሩቅ አገር የመጡ ነጋዴዎች ቡናና ሌላም ሸቀጥ ይለዋወጡባት ነበር። በዚያ ዘመን ገበያ ሰውም እንደ ዕቃ ይሸጥ እንደ ነበር ታሪክ ይመሰክራል፤ ባርነትም በሀገራችን በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። በኢትዮጵያ ባሪያ ይገዙና ያሳድሩ ከነበሩት መካከል ጾም የሚጾሙ፣ ገዳም የሚሳለሙ ክርስቲያኖችም እንደ ነበሩ ልንሸሽገው አይገባም። ጸሎት ከሚዛን ሲለይ ምን ያህል ርቆ ሊሄድ እንደሚችል ከዚህ ይታያል። ያ ክፉ ንግድ ጠፍቶአል፤ ጸሎትን ከሚዛን የመለየት ፈተና ግን አልጠፋም። ዛሬም እርጥቡን ጀንፈል ከደረቁ ቀላቅሎ የሚሸጥ፣ ከገበሬው ሲገዛ ሚዛኑን የሚያጐድል፣ የለቃሚዎችን ደመወዝ ከሳምንት ወደ ሳምንት የሚያሳልፍ ሰው ከደሴት ጠበል ይዞ ቢመጣ፣ ጠበሉ ምን ይጠቅመዋል?

የጽዮን በዓል ኅዳር 21 ቀን ቡና በሚለቀምበት ወራት ይውላል። አንድ ሰው በዚያ ወር የለቃሚዎችን ደመወዝ ሳይከፍል በዚያው ገንዘብ ለጉዞው ቢሳፈር፣ ጀልባው የሚቀዝፈው በሌላ ሰው ላብ ላይ መሆኑን ይወቅ። የተነጠቀ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር እንደሚጮኽ ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 5 አስተምሮናል። ጌታም መባውን ይዞ የመጣ ሰው ወንድሙ እንዳዘነበት ቢያስብ መባውን በመሠዊያው ፊት ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ አዝዞአል። ስለዚህ መመለስ የሚጀምረው ከጉዞው በኋላ ብቻ አይደለም፤ ከመነሣታችን በፊትም ወደ ባልንጀራችን መመለስ ይገባናል።

ምናልባት አንድ ሰው፣ «እንዲህስ ከሆነ ለመንገዱ የሚወጣው ገንዘብ ለድሆች ቢሰጥ አይሻልምን? እግዚአብሔር በሄርማታ የለምን?» ይል ይሆናል። እግዚአብሔር በሁሉ ስፍራ እንዳለ እውነት ነው፤ የሰው ልብ ግን በሁሉ ስፍራ አይገኝም። በገበያ ጩኸት መካከል የገዛ ኃጢአቱን ድምፅ መስማት የተሳነው ሰው በውኃ ተከቦ ዝም ባለ ስፍራ ሊሰማው ይችላል። ጌታችን ራሱ ለጸሎት ወደ ተራራ ይወጣ ነበርና ጉዞውን የሚነቅፍ ሰው ይጠንቀቅ። ነገር ግን ድሃውን ረስቶ የሚሄደውም እንዲሁ ይጠንቀቅ።

መሄድ ያልቻሉትንም አንርሳ። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ከተነሣው ግጭት ወዲህ ወደ ጣና የሚወስደው መንገድ ለብዙዎች አስጊ ሆኖአል። የታመመ የሚያስታምሙ፣ ሕፃን የታቀፉ፣ ለጉዞው ገንዘብ የሌላቸውም አሉ። እናቶቻችንና እኅቶቻችን እንደ ሥርዓቱ ወደ ክብራን ገብርኤልና ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ አይገቡም፤ ነገር ግን ከወደቡ ቆማ የጸለየችው ሴት ከገባው ወንድ ያነሰ በረከት እንዳላት ማን ሊናገር ይደፍራል? ደሴት መሄድ የማይችል ሰው በሌሊት ከቤቱ ጥግ አንዲት ሰዓት ለይቶ ዝም ይበል፤ የሚጸልይባት ያች ሰዓት ደሴት ትሁነው።

እንግዲህ ለመጓዝ ያሰበ ሁሉ ከንስሐ አባቱ ጋር ይማከር፤ ዕዳውን ይክፈል፤ ከተጣላው ይታረቅ። በተመለሰም ጊዜ ያየውን ከመተረክ በፊት የበደለው ካለ ይመልስለት። ዘኬዎስ ጌታን ለማየት ዛፍ ላይ ቢወጣም ለቤቱ መዳን የተነገረው ከወረደና የቀማውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ ከተናገረ በኋላ ነው። ጎረቤቶቻችን ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው፤ የገዳሙን ታሪክ ከመጽሐፋችን አያነቡም። የእኛን ሚዛን ግን በየቀኑ ያነባሉ። ከደሴት የመጣ ክርስቲያን ሚዛኑ የቀና፣ ቃሉ የለሰለሰ፣ ደመወዝ የሚከፍልበት ቀን የማይዛነፍ ቢሆን፣ ዕረፍቱ እውነተኛ እንደ ነበረ ሳይናገር ይታወቅለታል።

አምላካችን እግዚአብሔር ሄደን ለምንመለሰውም፣ ሳንሄድ ለምንናፍቀውም ለሁላችን እውነተኛውን ዕረፍት ያድለን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።