በገቢር የተሠራ

ሰንበት ትምህርት ቤት ሥነ ፍጥረትን ያስተማሩን መምህር፣ እግዚአብሔር ሃያ ሁለቱን ፍጥረታት በሦስት መንገድ እንደፈጠረ ነግረውናል፤ በአርምሞ፣ በነቢብና በገቢር። እሑድ ዕለት ሰባቱን በዝምታ ፈጠረ፤ ስምንተኛውን፣ ብርሃንን፣ በቃሉ አዘዘ። ሰውን ግን ዓርብ ዕለት አፈር አንሥቶ በእጁ አበጀው። ሁሉን በቃል ማድረግ የሚችል አምላክ ስለምን ለሰው ሲሆን እጁን ዘረጋ? መምህራችን «ለክብሩ ነው» ብለው ወደሚቀጥለው ትምህርት አለፉ። መልሱ እውነት ነው። ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር አደገ፤ አሁን ደግሞ ወለሉ ላይ ካርቶን ዘርግቼ ከልጄ ጋር በተቀመጥኩ ቁጥር ይመጣብኛል።

ልጄ ማይንክራፍት የሚባለውን ጨዋታ በስልክ መጫወት ይወዳል። አንዳንድ ወዳጆቼ ከስክሪን የሚመጣው ሁሉ ወጥመድ ነው ይሉኛል፤ እኔ እንደዚያ አላምንም። ማርከስ ፐርሰን የተባለ ስዊድናዊ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ለሕዝብ ያቀረበው ይህ ጨዋታ ለልጅ የሚሰጠው የመሥራት ደስታ ነው፤ ይቆፍራል፣ ያርሳል፣ ቤት ይሠራል። በፈጣሪው መልክ የተፈጠረ ፍጡር መፍጠር ቢያምረው ምን ይገርማል?

ነገር ግን እዚያ ሁሉም ነገር በነቢብ ነው። ጣት ይነካል፣ ወዲያው ይሆናል። የዛፉ ግንድ ከሥሩ ቢቆረጥ ላዩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ እንደ አሸዋና ጠጠር ካሉ ጥቂት ነገሮች በቀር የሚወድቅ የለም።

ካርቶን እንዲህ አይታዘዝም። ከሰፈሩ ሱቅ የዘይትና የፓስታ ካርቶን ለምነን እናመጣለን። በሁለቱ ልባስ መካከል የተሸበሸበ ወረቀት አለ፤ በሽብሽቡ መሥመር ካጠፉት ቀጥ ብሎ ይታጠፋል፣ ሽብሽቡን አቋርጠው ካጠፉት ግን ይጨማደዳል። ስለዚህ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ፣ ማስመሪያ ይዞ፣ ልባሱ እንዳይቀደድ አስቀድሞ ጫን አድርጎ ማስመር ያስፈልጋል። ልጄ አሁን ካርቶን ሲያነሳ መጀመሪያ ጠርዙን አይቶ የሽብሽቡን አቅጣጫ ይለያል።

በጨዋታው ውስጥ ክሪፐር የሚሉትን አረንጓዴ ፍጡር ሠራን። እጅ የለውም፤ አራት አጫጭር እግሮች፣ ረዘም ያለ አካል፣ ከላይ ትልቅ ጭንቅላት። ስልኩ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የእኛ ጭንቅላቱ ከበደውና በፊቱ ተደፋ። «አባ፣ እግሩ ውስጥ ድንጋይ እንጨምርለት» አለኝ። ጨመርን፤ ቆመ። ስልኩ ላይ ክሪፐር በፈነዳ ቁጥር የሚስቀው ይኸው ልጅ፣ ታናሽ እህቱ የካርቶኑን ክሪፐር አንድ እግር ብትረግጥበት ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

ያን ለቅሶ ዝም ብዬ ልተወው አልቻልኩም። ሰው እጁ ያረፈበትን ነገር ይወዳል ማለት ነው? ከሆነ አደጋም አለው። ነቢዩ ኢሳይያስ የዛፉን እኩሌታ አንድዶ እንጀራ የሚጋግርበት፣ በቀረው ጣዖት ጠርቦ የሚሰግድለትን ሰው ይገሥጻል፤ እርሱም ቢሆን በእጁ የሠራ ነው። ብዙ ካሰብኩ በኋላ ልዩነቱ የሚገኘው ከሥራው በኋላ በሚሆነው ነው ብዬ አምናለሁ። ጣዖት ሠሪው የሠራውን «አድነኝ» ይለዋል። ልጄ ግን እንባውን ጠርጎ ኮላና ቁራጭ ካርቶን አመጣ፤ የሠራውን ራሱ አዳነው። በእጅ የሠራ ለሠራው ነገር ዕዳ ይገባል፤ ሲወድቅ ሊያነሣው፣ ሲሰበር ሊጠግነው። ጌታ አዳምን በእጁ ሲያበጅ የገባው ይህን ዕዳ ይመስለኛል። መምህራችን ክብር ያሉት፣ ለእኔ የሚታየኝ እንዲህ ሆኖ ነው።

ስለ ካርቶን ካነሣሁ አይቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 የወጣ «ኬይንስ አርኬድ» የሚባል አጭር ዘጋቢ ፊልም አለ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ኬይን የተባለ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በአባቱ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከካርቶን ሙሉ የመጫወቻ ቤት ሠራ። ሰው ሲያሸንፍ ትኬት የሚያወጣ ሞተር የለም፤ ልጁ ራሱ ካርቶኑ ውስጥ ዳዴ ብሎ ገብቶ ትኬቱን በእጁ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ፊልሙን ከልጄ ጋር ስናይ፣ ፈጣሪ ወደ ገዛ ፍጥረቱ ገባ የምንለውን፣ ለልጅ እንዴት ይነገራል እያልኩ ስጨነቅበት የኖርኩትን ምሥጢር፣ ከዚህ ተነሥቼ ልነግረው ቻልኩ። ምሳሌው ጎዶሎ ነው፤ ምሥጢሩ ከካርቶን ይሰፋል። ልጄ በጥሞና ሰማኝና «ሲገባ ጠበበው?» ብሎ ጠየቀኝ። «አዎ፣ በጣም» አልኩት።